ከእግርዎ ሥር ገመድ አለ

ደባርቅ ብርድ ስለሆነ እባብ ብዙ አይታይም። ከቆላ ሰው ይልቅ እኛ የምንፈራውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ልምዱ የለንም። ጅብ በደጁ ሲያልፍ «ሂድ ወዲያ» ብሎ በድንጋይ የሚሸኝ ሰው፣ ግድግዳ ላይ እንሽላሊት ካየ አልጋ ላይ ይወጣል። እኔ ባጃጅ ነጂ ነኝ። አንድ ቀን ፌንጣ ዘላ ገባችና፣ ከኋላ የተቀመጠ ግንድ የሚያህል ሰውዬ ሳላቆም ወረደ። ጉልበቱ ተላጠ። ፌንጣዋ እስከ መናኸሪያ አብራኝ ሄደች።

ምን ታደርግሃለች ብትሉት መልስ የለውም። እናንተም የላችሁም። እግር ቀድሞ ይሮጣል፤ ሐሳብ ዘግይቶ ይደርሳል።

ይህን የማወራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ክረምቱ ሲወጣ የሁለት ዓመት ልጃችን በሳል ሞተብን። አራት ቀን ነው የታመመው። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ነገሩ የሆነው በሣልስቱ ነው። ባለቤቴ ከቀብር ከተመለስን ጀምሮ አላለቀሰችም፣ አልተናገረችም፣ እህል አልቀመሰችም። ድንኳኑ ውስጥ መሬት መሬት እያየች ትቀመጣለች። ሴቶቹ ሙሾ አወረዱላት፤ ምንም። እናቷ፣ አማቴ፣ ከጃናሞራ መጥተው ጉልበቷን ይዘው፣ «ልጄ፣ አንድ ጊዜ አልቅሽልኝ» ይሏታል፤ ምንም። ሽማግሌዎቹ «እንዲህ ሆና የቀረች ሴት እናውቃለን» ሲባባሉ ሰምቼ እኔም መፍራት ጀመርኩ።

ስለ አማቴ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ልጃቸው መሆን የምችለውን ሰው፣ አማች ስለሆንኩ ብቻ አንቱ ይሉኛል፤ ድምፃቸውንም ከፍ አድርገውብኝ አያውቁም። ሁለተኛ፣ እባብን በስሙ አይጠሩም። ከተጠራ ይመጣል ብለው «ገመድ» ነው የሚሉት። ሁለተኛውን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣና የድንኳኑ አንድ ጥግ ተፈታ። ሸራውን በአንድ እጄ ይዤ ማሰሪያ ስፈልግ፣ አማቴ ከተቀመጡበት ዝግ ብለው፣

«ከእግርዎ ሥር ገመድ አለ» አሉኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ» አልኩና ጎንበስ ብዬ አነሣሁት።

ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ እጄ ላይ ተጠመጠመ።

ስለ ጀግንነቴ ብዙ አልናገርም። ጮህኩ፤ ወረወርኩት። የወደቀው ለቀስተኛው መሃል ነው። ዳዊት ይደግሙ የነበሩት መሪጌታ አግዳሚ ወንበር ላይ ቆሙ። ዳዊቱን ግን አልጣሉም። ጎረቤታችን ጋሽ ደሴ፣ ዕድሜያቸውን በፓርክ ጥበቃ የጨረሱት፣ ብቻቸውን ከቦታቸው ሳይነሡ፣ «መርዝ የለውም እኮ፤ አይጥ ነው የሚበላ። እናንተን ነው የፈራ» ይላሉ። ማን ይሰማቸዋል። ሦስት ዱላ ተነሣ። ክንድ የማይሞላው እባብ ሸሽቶ ሸሽቶ፣ የባለቤቴ ቀሚስ ጫፍ ሥር ተጠቀለለ።

«ዘወር በይ» አላት ወንድሟ፣ ዱላውን እንዳነሣ።

ዘወር አላለችም። እጇን ዘረጋችበት።

«ተዉት» አለች። «ትንሽ ነው። እሱ ምን አደረጋችሁ?»

ሦስት ቀን ያልሰማሁት ድምፅ ነው። ሻካራ ሆኗል። ባለዱላዎቹ ዱላቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው፤ አንዱ እንደ ሽማግሌ ተመረኮዘው። እባቡ በሸራው ሥር ሾልኮ ወጣ።

«ትንሽ ነው» አለች እንደገና። አሁን የምትናገረው ለእኛ አልነበረም። ከዚያ አለቀሰች፤ ጮክ ብላ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ።

የእናት ልቅሶ ሰምቶ ለቀስተኛ ሁሉ እፎይ ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። መሪጌታ ከወንበሩ ሳይወርዱ አማተቡ። አማቴ ልጃቸውን ደረታቸው ላይ አስጠግተው፣ እንባቸው እየወረደ፣ «ተመስገን» አሉ።

እኔም ተመስገን አልኩ። ከዚያ ለሸራው ማሰሪያ ፍለጋ፣ እግሬ ሥር እያየሁ ሄድኩ።