የእንድሪያስ ጀርመንኛ

[ዳላስ አጠገብ፣ ሮውሌት ከተማ፣ የቼኮች ማኅበር አዳራሽ ፊት ለፊት፣ መኪና ውስጥ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1994 ነው። ወልዴና እንድሪያስ ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዳሉ። ቅዳሜ የወልዴ ልጅ ሊድያ ታገባለች፤ የተከራዩላት አዳራሽ ግን ትናንት ጣሪያው አፍስሶ ተዘጋ። ወልዴ ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል። እንድሪያስ ደግሞ የማያውቀው ነገር የለም፤ ራሱ ነው የነገረን።]

እንድሪያስ፦ ደግሜ አልነግርህም። አንተ እዚሁ ቁጭ በል፣ እኔ ልግባ።

ወልዴ፦ የልጄን አዳራሽ አንተ ልትለምን፣ እኔ መኪና ልጠብቅ?

እንድሪያስ፦ አዎ። ባለአዳራሹ ሚስተር ቫቭራ ቼክ ነው። አያቱ የመጣው ከኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ነው። እዚያ ቢሮው፣ ፍርድ ቤቱ፣ ሁሉም በጀርመንኛ ነበር። እኔ ጀርመን አገር ስድስት ዓመት የተማርኩት ለምን ይመስልሃል?

ወልዴ፦ ታክሲ ለመንዳት መስሎኝ።

እንድሪያስ፦ [እንዳልሰማ ሆኖ] በጀርመንኛ ሰላም ስለው አንጀቱ ቅቤ ይጠጣል።

ወልዴ፦ ቼኮች የራሳቸው ቋንቋ የላቸውም እንዴ?

እንድሪያስ፦ አላቸው። ግን ከጀርመኖቹ ጋር በአንድ ንጉሥ ሥር ስንት መቶ ዓመት ኖረዋል። ወንድማማች ናቸው በቃ።

ወልዴ፦ ማለቴ፣ እኛም ሁላችን በአንድ ንጉሥ ሥር ነበርን እኮ።

እንድሪያስ፦ ታዲያስ?

ወልዴ፦ እንጃ። ታዲያ ዳላስ ላይ ሦስት ቦታ የተከፈለ ማኅበር ምን ያደርግልናል?

እንድሪያስ፦ ፖለቲካ አታምጣብኝ። [ክራቫቱን አስተካክሎ ይገባል።]

[ወልዴ ጀምሮት የነበረውን አባታችን ሆይ ሳይጨርስ እንድሪያስ ተመልሶ ከች ይላል። ፊቱ ጠቁሯል።]

ወልዴ፦ ምን አሉህ?

እንድሪያስ፦ ጥርት ባለ ጀርመንኛ ሰላም አልኩት። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ፍትሕ ትንሽ አጫወትኩት።

ወልዴ፦ እሳቸውስ?

እንድሪያስ፦ በሩን አሳየኝ። ሰውየው ጤነኛ አይደለም። ሶ፣ ሌላ አዳራሽ እንፈልግ።

ወልዴ፦ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው። ልጄን ሜዳ ላይ ልድራት? ጨንቆኛል፣ እኔ ልግባ።

እንድሪያስ፦ አንተ? በምን ቋንቋ?

ወልዴ፦ በዚያችው በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ።

[ይገባል። ይቆያል። ምን መቆየት ብቻ፣ ይዘገያል። በመጨረሻ ዓይኑን እየጠረገ፣ ቁልፍ አንጠልጥሎ ይወጣል።]

እንድሪያስ፦ ምን ብለኸው ነው?

ወልዴ፦ ምንም። በሩ ላይ ቆምኩ። ተቀመጥ አሉኝ፤ ኖ አልኩ። ደግመው ተቀመጥ አሉኝ፤ እሺ እስኪሉኝ አልቀመጥም አልኳቸው።

እንድሪያስ፦ ኧረ ጉድ። እንደ አገር ቤት ሽማግሌ?

ወልዴ፦ የመጣሁት ስለ ልጅ አይደል? ለልጅ ጉዳይ የሄደ ሰው ሳይፈቀድለት ይቀመጣል?

እንድሪያስ፦ እሱ ይህን በምን ያውቃል?

ወልዴ፦ አያውቁም። ግን ብድግ አሉ፤ እሳቸውም ቆሙ። አያታቸው እዚያ አገር የመሬት ክርክር ነበረባቸው አሉ። ዳኛው ጀርመን ነው። አያትየው በቼክኛ ሲናገሩ "ጀርመንኛ እስክትናገር ቁም" እያለ አቁሞ ያውላቸዋል፣ እሱ ተቀምጦ። "እኔ ቢሮ ማንም ቆሞ አይለምንም" ብለው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ቁልፉን ሰጡኝ።

እንድሪያስ፦ [ቀስ ብሎ] እኔ ደግሞ ጀርመንኛ እያወራሁ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ወልዴ፦ እግርህንም አነባብረሃል አሉ።

እንድሪያስ፦ ኦኬ፣ ኦኬ። ዋናው አዳራሹ መገኘቱ ነው። ቅዳሜ እኔ ከፊት፣ ከሙሽሮቹ አጠገብ እቀመጣለሁ።

ወልዴ፦ እሱ እንኳ... አንድ ኮንዲሽን አለው። "ያ ጀርመን ጓደኛህ ይምጣ፤ ግን ቆሞ ይብላ" ብለዋል።

እንድሪያስ፦ ጀርመን? እኔ? ሰውየው ዓይን የለውም? እዚያው ጀርመን ስኖር እንኳ አንድ ሰው ጀርመን ብሎኝ አያውቅም።

ወልዴ፦ አይዞህ፣ ይኸው ሮውሌት ላይ አፕሩቭ አደረጉልህ።