ላልሞተ ልጅ በየትኛው አንቀጽ?

ለሞት ያለንን ትጋት ለሕይወት ብናውለው ኖሮ ይኸኔ ማቱሳላ ጎረቤታችን በሆነ ነበር። አይመስላችሁም? ሰው ሲታመም «ይሻለዋል» ብለን እናልፋለን፤ ሲሞት ግን ድንኳን ተካይ፣ ወንበር ደርዳሪ፣ ንፍሮ ቀቃይ ሆነን እንሰለፋለን። አንድ ነገር ብቻ አናደርግም። «እንዴት ሞተ?» ብለን አንጠይቅም። ነውር ነው። ሟቹ ሕፃን ከሆነማ «እሱ ሰጠ፣ እሱ ነሣ» ተብሎ ይዘጋል።

እኔ ታዲያ ያንን ነውር እንድሠራ የተሾምኩ ሰው ነኝ። ጡረታ የወጣሁ የጤና ባለሙያ ስለሆንኩ፣ አዳማ ውስጥ በሰፈራችን ሕፃናት በምን እንደሚሞቱ የሚመረምር ኮሚቴ አባል አድርገውኛል። ሐዘን ቤት ገብቼ እጠይቃለሁ። ስለዚህ ሰው ይሸሸኛል። በሰፈር ሳልፍ እናቶች ጉጉት ያዩ ይመስል ልጆቻቸውን ወደ ቤት ይጠራሉ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ከሰው ጋር ሻይ የምጠጣው ኮሚቴው ሲሰበሰብ ብቻ ነው። ስብሰባችንም ሥርዓት አለው፤ ቆመን የኅሊና ጸሎት እናደርሳለን፣ ተቀምጠን እናዝናለን፣ ሻያችንን ጠጥተን እንበተናለን። መረጃውስ? መረጃው በሚገባ ተሰብስቦ ተቀምጧል። እንደ እኛው።

ባለፈው ክረምት የጫልቱ ልጅ ናኦል ሞተ። ጫልቱ ከአጥሬ ቀጥሎ ባለው ግቢ ተከራይ ናት፤ ልጆቿን ለጎረቤት አደራ ብላ፣ ጎህ ሲቀድ በሚኒባስ ዱከም ፋብሪካ ትሄዳለች። እኛ ዘንድ ውሃ ይጠፋልና በየግቢው የውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ አለ። ክዳኑ አንድ ቆርቆሮና አንድ ድንጋይ ነው። ናኦል ኳሱን ሊያነሣ ቆርቆሮው ላይ ወጣ።

ከሠልስቱ በኋላ ሄጄ ጠየቅኋት። አልተቆጣችም።

«ጋሼ፣ ሰው ሁሉ አይዞሽ ይለኛል እንጂ፣ ስለ ልጄ የጠየቁኝ እርስዎ ብቻ ነዎት» ብላ ሁሉንም ነገረችኝ። ከዚያ ተራው የእሷ ሆነ።

«እንዲህ የሞተ ሌላ ልጅ ነበር?»

«ነበር። አምና፣ ከታችኛው መንገድ።»

«ያው ቆርቆሮ?»

«ያው ቆርቆሮ።»

«እና ታውቁ ነበር?»

«በሰፊው ተወያይተንበታል» አልኳት።

ደጅ ትንሿ ልጇ ሌንሳ ስትሮጥ ሰምታ ዘላ ወጣች። ቆርቆሮው ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር። ድንጋዩ ብቻ ተለቅ ያለ ሆኗል።

እሁድ በዕድራችን ስብሰባ ላይ ያለወትሮዬ እጄን አውጥቼ፣ ዕድሩ ለየጉድጓዱ የብረት ክዳን ያሠራ አልኩ። ሊቀመንበሩ ኦቦ ቶላ ደንብ አክባሪ ሰው ናቸው።

«ወንድሜ፣ ዕድር የሚያወጣው ለሞተ ነው። ላልሞተ ልጅ በየትኛው አንቀጽ?»

ሰው ሳቀ። አንዱማ «ሰውዬው ሞት ቢያጣ ሊያሟርትብን ነው!» አለ። እኔም ደንቡን በሐሳቤ አገላበጥኩት፤ እውነታቸውን ነው። ከወርኃዊ መዋጮ በስተቀር ላልሞተ ሰው የተጻፈ ምንም የለም።

ጫልቱ ከኋላ ተነሣች።

«ኦቦ ቶላ፣ ለናኦል ድንኳን ተክላችሁልኛል፤ ፈጣሪ ይስጥልኝ። ለሌንሳ ግን አትትከሉብኝ።»

የሳቀ የለም።

«አሮጌው የድንኳን ብረት ዕቃ ቤት ወድቆ የለም?» አሉ ኦቦ ቶላ። «ለሞት የተገዛ ነው። ለሞት ይውጣ።»

እንዲህ ሆነና የድንኳኑ ቋሚዎች በያጅ ዘንድ ሄደው የጉድጓድ ክዳን ሆነው ተመለሱ።

ዘንድሮም ክረምት ገባ። ከሰፈራችን የሚቀርብ ጉዳይ ስለጠፋ የኮሚቴው ስብሰባ ቀረ፤ ሻዬም አብሮ ቀረ። ያልሞተ ልጅ አያስመሰግንም፤ የትኛው እንደተረፈ በምን ይታወቃል? እናቶች ዛሬም ልጆቻቸውን ከመንገዴ ላይ ይሰበስባሉ። ልጆቹ ደግሞ ከምሳ በኋላ ጋደም ስል ጠብቀው፣ ከአጥሩ ወዲያ ብረቱ ላይ ይዘላሉ። ጓ! ጓ! ጓ! ለብቸኛ ሰው የቀረችው እንቅልፍ ነበረች፤ እሷም ሄደች።

ትናንት ልቆጣ ወጥቼ በአጥሩ አጮለቅሁ። ሌንሳ ናት። ስታየኝ ደንግጣ ብረቱ ላይ ቀጥ አለች።

«ምን ቆመሻል?» አልኳት። «ዝለይ እንጂ።»