ከዚሩ አጠገብ የተቀመጠው አደራ

ሰው ለሰው አደራ የማይሰጠው ነገር የለም። ልጅ ይሰጣል፣ ቤት ይሰጣል፣ ላም ይሰጣል፤ አንዳንዱማ ምስጢሩን ራሱ መጠበቅ ሲያቅተው ለጎረቤቱ አደራ ብሎ ያርፋል። እናንተም አልጋ ሥር አንድ የሰው ሻንጣ ሳይኖር አይቀርም። እኔ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ የተቀበልኩት አደራ ግን እግሩ ብዙ፣ ቁመቱ ከጣት ጥፍር የማይበልጥ፣ ኑሮውም ውሃ ውስጥ ነው። ሽሪምፕ ይባላል። አትሳቁ።

ባለቤቱ ኡስታዝ ሙስጠፋ የካርቱም መምህር ነው። ጦርነቱ ሲያፈናቅል ሌላው ወርቁንና ወረቀቱን ይዞ ሲወጣ፣ እሱ ሽሪምፖቹን በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ ወጣ። እኔ ልብስ ከምሰፋበት ቤት አጠገብ ተከራይቶ ወዳጅ ሆንን። ሥራ ፍለጋ ወደ ከሰላ ሲሄድ፣ ትንሿን የመስታወት ገንዳ ከነውሃ ሣሯ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ፣ «ከቤቴ የተረፈኝ ይኸው ነው፤ አደራ» አለኝ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ነውና ተቀበልኩ።

መጀመሪያ እሱን ታዘብኩት፤ በኋላ ራሴን። ደንበኛ ሱሪውን ይዞ ቆሞ፣ እኔ ገንዳው ላይ አፍጥጬ እገኛለሁ። በትናንሽ እጆቻቸው ቀኑን ሙሉ ሣሩን ሲለቅሙ ማየት ልብ ያሳርፋል። ችግሩ፣ ሙቀት አይችሉም። በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን መብራት ሦስት ቀን ጠፍቶ ማራገቢያዬ ቢቆም፣ ከአሥሩ ስድስቱ ሞቱ። ከቀሩት አራት አንዷ ሆዷ ሥር እንቁላል ታቅፋለች። እሷ ከሞተች አደራውም አብሮ ማለቁ ነው።

ጎረቤቴ ሀጃ ኣምና ጭንቀቴን አይተው፣ «ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ደጄ ካለው ዚር አጠገብ አስቀምጣቸው» አሉኝ። ዚር ሱዳኖች ለመንገደኛ ብለው ደጃቸው ላይ የሚያቆሙት የሸክላ ጋን ነው። ውሃው በሸክላው እየወዛ ይቀዘቅዛል፤ የሚንጠባጠበው ከሥር ባለ ጎድጓዳ ሳህን ለወፍና ለዶሮ ይጠራቀማል። እውነትም እዚያ ጥላ ውስጥ ሽሪምፖቼ ነፍስ ዘሩ። እኔም እፎይ ብዬ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ።

ብቅ ስል ምን ባይ ጥሩ ነው? አንድ ሰሊጥ አጫጅ፣ ማጭዱን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ከገንዳዬ በጣሳ ቀድቶ ይጠጣል! አደራ የበላ ብዙ አይቻለሁ፤ አደራ የጠጣ ግን ያን ቀን አየሁ።

«አንተ ሰውዬ!» ብዬ ጮህኩ።

ደነገጠ። «ምነው ጋሼ፣ በዚህ አገር ደጅ የወጣ ውሃ የመንገደኛ ነው ቢሉኝ ነው እኮ። ሣሩንም ጤና አዳም የነከራችሁበት መስሎኝ» አለ፣ በጎንደር አነጋገር። ለነፍስ የተቀመጠ ውሃ መሬት አይደፋምና፣ የተረፈውን ቀስ አድርጎ ዚሩ ሥር ካለው ሳህን ገለበጠው። «የእናትዎን ነፍስ ይማርልዎ!» ብሎኝ ወደ ዶካ እርሻ የሚሄደውን መኪና ሊይዝ ሮጠ።

ስድቤ አፌ ላይ ቀረ። እናቴ በድርቁ ዘመን አዝላኝ በመተማ ስትሻገር፣ መጀመሪያ ያጠጣችኝ ከማታውቀው ሰው ዚር ነበር። እስክትሞት ድረስ ባለቤቱን ስትመርቅ ኖራለች። ማን እንደነበሩ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ግን በሕይወት ያለሁት በእሳቸው ውሃ ነው። እና እኔ በምን አፌ መንገደኛ ልስደብ?

ገንዳውን ብፈትሽ ሦስቱ አሉ፤ እናቲቱ የለችም። በሰው ሆድ ወደ ዶካ ተሳፍራለች ብዬ ሐዘን ተቀመጥኩ። ሀጃ ግን ከሳህኑ ዶሮ ሊያባርሩ ጎንበስ ብለው፣ «ይህችስ ምንድን ናት?» አሉ። ጠብታው ከሚወርድበት ሥር፣ እንቁላሏን እንደታቀፈች ተቀምጣለች። ሰውየው የተረፈውን መሬት ደፍቶት ቢሆን አብቅቶላት ነበር። የኔ ጌታ፣ የሄድክበት ሁሉ ይቅናህ!

ከወር በኋላ ኡስታዝ ሙስጠፋ ሲመጣ ገንዳው በግልገል ይርመሰመስ ነበር። ቢሆንም አንድም ሳልደብቅ፣ የገንዳው ውሃ መጠጣቱን ነገርኩት። ሳቀ።

«ከካርቱም እዚህ ድረስ ጠርሙሱ በጋለ ቁጥር ውሃቸውን የቀየርኩላቸው ከየሰው ደጅ ዚር ነው» አለኝ። «አንድም ሰው አልከለከለኝም። ታዲያ እነሱ አንድ ቀን መንገደኛ ቢያጠጡ ምን አለበት?»

ግማሾቹን ይዞ ሄደ፤ ግማሾቹን ከነገንዳው ተወልኝ። በሳምንቱ እኔም ደጄ ላይ ዚር አቆምኩ። ገንዳውን ግን አላወጣም፤ ምርቃቱ በዚሩ ይበቃኛል።