በአንቀልባ የታዘለ አባት

የሰደበኝ ላቀው ነው። በሐምሌ አቦ ማግስት፣ ቀበሌው ግቢ ካለው ዋርካ ሥር፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የልጄን የትርንጎን ክንድ በዚያች ባለቀለም ጥብጣብ ለካችው፤ ቀዩ ላይ አረፈ። «ልጅቷ በጣም ተጎድታለች፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰዳት» ስትለኝ፣ ላቀው ከኋላ ሆኖ «የልጅቷ ክንድ ቀይ ነው፤ የአባትየው ሆድ ግን ለምለም አረንጓዴ!» አለ። ሴቶቹ ሳይቀሩ ሳቁብኝ። ሦስተኛ ክፍል ሳለንም እንዲሁ ነበር የሚያስቅብኝ፤ ትምህርቴን ያስተወኝም የሱ ሳቅ ነው። ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደው መንገድ በሱ ደጅ ስለሚያልፍ ልጄን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ይኸው ሳምንት አለፈ።

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ትርንጎ አዘለችኝ። ዓመት ከመንፈቅ ያልሞላት ልጅ፣ እኔን ጎልማሳውን፣ በእናቷ አንቀልባ። እግሬ መሬት ለመሬት ይጎተት ነበር።

«ኧረ ማሙሽ፣ ከበድከኝ!» አለች።

«አውርጂኝ» ልል አፌን ስከፍት «እኝኝ» ብቻ ወጣ።

ገበያ ደረስን። ዶሮዎች ወንዶችን እግራቸውን አስረው፣ ዘቅዝቀው ይሸጡ ነበር። አንዲት ገብስማ ዶሮ ላቀውን አንጠልጥላዋለች። ሌላዋ መጥታ ደረቱን በምንቃሯ ጎሰም አደረገችና «ይሄ ሥጋ የለውም፣ አፍ ብቻ ነው» ብላ አለፈች። ደስ አለኝ። ልስቅ ስል አሁንም «እኝኝ» አልኩ።

ወዲያው ገበያው ቤቴ ሆነ። ሕፃናቱ ጋቢ ደርበው ማዕድ ከበቡ። ቅቤ የዋኘበት ገንፎ፣ ወተት፣ የተቀቀለ እንቁላል። እኛ አባቶች ግድግዳ ተደግፈን እነሱ እስኪጠግቡ ጠበቅን። ለእኛ አጥሚት መጣልን፤ ከመቅጠኑ የተነሣ የጣሳው ሥር ይታያል። እንቁላሉን እያየሁ አለቀስኩ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለ አንድ ጥርስ ያላወጣ ሕፃን፣ ጎርነን ባለ ድምፅ።

«ጥርስ ሊያወጣ ነው» አለች ትርንጎ።

«እንቁላል እንዳትሰጪው። አባት እንቁላል ከለመደ ሌባ ይሆናል።»

«ይሄንንማ መቼ አጣሁት!» አለችና ሌላ እንቁላል ላጠች።

ከዚያ ጥብጣቧን አውጥታ ክንዴን ለካችኝ። ክንዴ ክር አክሎ ነበር።

«ቀይ ነው» አለች። «ጤና ጣቢያ ግን አልወስደውም፤ መንገድ ላይ ሰው ይስቅብኛል።»

«እኝኝ! እኝኝ!» እያልኩ ነቃሁ።

ነግቶ ነበር። ባለቤቴ አስካለ እንደ ወትሮው የተቀቀለውን እንቁላል ልጣ ፊቴ አስቀምጣለች። «ብላ እንጂ፣ እርሻ ልትወርድ አይደል?» አለችኝ። ትርንጎ ከጥግ ሆና እንቁላሉን ታያለች። አታለቅስም። እኔ እንኳ በሕልሜ አልቅሻለሁ።

እንቁላሉን በወተት አድቅቄ በጣቴ አፏ ውስጥ አደረግኩላት።

«ለሷ?» አለች አስካለ። «አንተ አይደለህ ሌባ ትሆናለች ስትለኝ የኖርከው?»

«ትሁን! ትስረቅ!»

ትርንጎ ግን አልዋጠችም። እንቁላሉ ከከንፈሯ ተንሸራቶ አንገቷ ላይ ወረደ።

አንቀልባውን አንሥቼ አዘልኳት። በእኛ ሰፈር ወንድ ሲያዝል ታይቶ አይታወቅም። ጀርባዬ ላይ ሰው ያለ አልመሰለኝም፤ እጄን ወደ ኋላ እየሰደድኩ ደጋግሜ ዳሰስኳት።

ላቀው ደጁ ላይ ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል።

«ኧረ የሰፈር ሰው፣ ኑ ጉድ እዩ! ሰውዬው ማጥባት ጀመረ እንዴ? አንተ፣ ማንን ነው ያዘልከው? ምንም አይታየኝም እኮ!»

መልስ ነበረኝ። ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ያጠራቀምኩት መልስ ነበረኝ። ግን ትንፋሿን እያዳመጥኩ ነበር። ደጁን አልፌ ወደ ጤና ጣቢያው ገሰገስኩ።