የቧንቧው ባለቤት

(ዲላ፣ ሙሉካ ግቢ ውስጥ። ከመሬት ውሃ ይንፎለፎላል። ሙሉካ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ መዝሙር እያዜመ ባጃጁን ያጥባል። አምና ከጀርባው ያለውን ቤት ገዝተው የገቡት ጎረቤቱ ጋሼ ሽብሩ ጫማቸው እንዳይርስ ድንጋይ ላይ ቆመው ይጮኻሉ።)

ሽብሩ፦ ስማኝ እንጂ! ይሄ የፈነዳ ቧንቧ ነው እንጂ የመኪና ማጠቢያ አይደለም!

ሙሉካ፦ መኪና አይደለም ጋሼ፣ ባጃጅ ነው።

ሽብሩ፦ ባጃጅም ሆነ ቦቴ! ቧንቧው መሠራት አለበት።

ሙሉካ፦ ውሃ መሥሪያ ቤቱ አይሠራውም?

ሽብሩ፦ (በትዕቢት ይስቃሉ) አይ ሙሉካ! ደንቡን አታውቅማ! እስከ ቆጣሪው ድረስ የመሥሪያ ቤቱ ነው። ከቆጣሪው በኋላ ከፈነዳ የሚያሠራው ባለቤት ነው።

ሙሉካ፦ ቆጣሪው እኮ አምና መጥቶ፣ በራችን ላይ ቁጥር ጽፎ ሄደ።

ሽብሩ፦ እሱ የቤት ቆጣሪ ነው! እኔ የምልህ መንገዱ ዳር የተተከለውን የውሃ ቆጣሪ ነው!

ሙሉካ፦ እህ! እሱማ አለ።

ሽብሩ፦ ቧንቧው የፈነዳው ከዚያ ወዲህ ነው ወዲያ?

ሙሉካ፦ ወዲህ።

ሽብሩ፦ አለቀ! የባለቤት ነው!

ሙሉካ፦ ባለቤቴማ የለችም። ጨለለቅቱ ከተማ፣ እናቷ ጋ ሄዳለች።

ሽብሩ፦ ኧረ በጌታ! ሚስትህን ማን ጠራት? ባለቤት ማለት የንብረቱ አዛዥ ነው!

ሙሉካ፦ እሷም እንደዚሁ ነው የምትለኝ።

ሽብሩ፦ ሰውዬ፣ ኃላፊነት ይኑርህ!

ሙሉካ፦ ኃላፊ መሆን አልፈልግም ጋሼ። ስብሰባ ይበዛዋል።

ሽብሩ፦ ከአንተ ጋር እድሜዬን አልጨርስም! (ስልክ ይደውላሉ) ሄሎ፣ ጃፋር? ያ ቧንቧ ሠራተኛው ነህ አይደል? መሣሪያህን ይዘህ ሙሉካ ግቢ ና። አሮጌውን ቧንቧ ከዳር እስከ ዳር ነቅለህ በአዲስ ትቀይራለህ። በጎማ መጠቅለል ምናምን የለም!... ማን ይከፍላል? የቧንቧው ባለቤት ነዋ! (ይዘጉታል)

ሙሉካ፦ ከዳር እስከ ዳር? የተሰበረቺውን ብቻ ቢቀጥላት አይበቃም?

ሽብሩ፦ ስስት ነው ይሄ! አንዴ ተሠርቶ ይገላገሉታል።

ሙሉካ፦ ኧረ የሰው ገንዘብ ነው ብዬ ነው።

ሽብሩ፦ የማን ሰው?

ሙሉካ፦ የባለቤቱ።

ሽብሩ፦ ባለቤቱ አንተ አይደለህ?

ሙሉካ፦ እኔማ ቧንቧ የለኝም። ከሰፈሩ ቦኖ በጀሪካን ነው የምቀዳው።

(ውሃው ይንፎለፎላል።)

ሽብሩ፦ ታዲያ... ይሄ ቧንቧ ወዴት ነው የሚሄደው?

ሙሉካ፦ እርስዎ ቤት ነዋ! ቤቱን የሸጡልዎት ሰውዬ በእኔ ግቢ ሲያሳልፉት፣ ቦዩን የቆፈርኩት ራሴ ነኝ።

ሽብሩ፦ (ከድንጋዩ ተንሸራተው ውሃው ውስጥ ቧ!) ወይኔ! ልጄ ኤልቤቴል ከጠዋት ጀምሮ ውሃ የለም ስትለኝ፣ በከተማው ሁሉ ጠፍቷል፣ ፈረቃ ነው እያልኩ ሳስተምራት ነበር! ቆጣሪውስ?

ሙሉካ፦ እንደ እብድ ይሽከረከራል።

ሽብሩ፦ አንተ! ይሄን ሁሉ ስለፈልፍ ለምን አልነገርከኝም?

ሙሉካ፦ ምን ላድርግ ጋሼ? እርስዎ የማያውቁት ነገር ይኖራል ብዬ በምን ልጠርጥር?