ከጋሩዋ ማሩዋ በአየር

ከተቀመጠበት ሳይነሳ የአገሩን ርቀት ሁሉ የሚለካ ሰው ከየትም ሰፈር አይጠፋም። ሰሜን ካሜሩን በዚህ ዓይነቱ ሰው ታድላለች፤ ለእኛ ለጋሩዋዎች የደረሱን ክቡር አልሃጂ ዳይሩ ናቸው። መካን አላዩም። ማዕረጉን ያገኙት በፂማቸው ነው።

ክቡርነታቸው መስጊዱ ፊት ለፊት ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠው የኮላ ፍሬ ያኝካሉ። ሻንጣ የያዘ ሰው ካለፈ ሳይጠሩት አይቀሩም።

«ወዴት ነው?»

«ማሩዋ፣ አልሃጂ።»

«ታዲያ ምን አስቸኮለህ? ከአየር ማረፊያ አየር ማረፊያ ሃያ አምስት ደቂቃ ናት!»

ሰውዬው ግን የሚሄደው መናኸሪያ ነው። የአውሮፕላኑ ቲኬት በሬ ያሸጣል፤ አውሮፕላኑም ሲመቸው ብቅ የሚል እንግዳ ነው። ስለዚህ አውቶቡሱ እስኪሞላ ፀሐይ ላይ ይጠብቃል፣ በፊጊል በኩል ከጉድጓድ ጉድጓድ እየዘለለ፣ አቧራ እየቃመ፣ ወገቡ ተቆርጦ ሲመሽ ይደርሳል። አልሃጂ ጉድጓድ የሚባል ነገር አያውቁም። እሳቸው ዘንድ ማሩዋ የዘገየ ሁሉ ሰነፍ ነው።

ጎረቤታችን ናሱሩ ወንድሙ ማሩዋ ሞተበት። በጠዋት ተነሳ፤ ሲደርስ ግን ቀብሩ አልቆ አገኘው። ዓይኑ አብጦ ሲመለስ አልሃጂ ምን ቢሉት ጥሩ ነው?

«ለሃያ አምስት ደቂቃ መንገድ ወንድምህ ቀብር ላይ መድረስ አቃተህ?»

ናሱሩ ያን ዕለት እጁን ያልሰነዘረው ለሽበታቸው ብሎ ነው። እኔ ደሜ ፈላ።

«ለመሆኑ አልሃጂ፣ እርስዎ አውሮፕላን ተሳፍረው ያውቃሉ?»

«ደቂቃ ለማወቅ መሳፈር ያስፈልጋል እንዴ?» አሉኝ፣ ቅር ሳይላቸው።

ከዚያ ወዲህ እንደ እሳቸው ያለ ደረቅ አላየሁም እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳወራ ከረምኩ።

ዘንድሮ ልጄን አስታን ዳርኩ፤ ባሏ የማሩዋ ሰው ነው። በእኛ ዘንድ ሴት ልጁን የሚሸኝ አባት አያለቅስም። ባሏ ቤትም ናፈቀችኝ ብሎ ዘው አይልም። አስታን የወሰደችው መኪና ከታጠፈች በኋላ በር ላይ እንደ ምሰሶ ተገትሬ ቀረሁ። ባለቤቴ ዲጃ ውስጥ ታለቅሳለች።

አልሃጂ ከዛፋቸው ሥር ተነስተው መጡ። ያቺን ሃያ አምስት ደቂቃ ቢጠሯት ዱላቸውን ልሰብረው ቆርጫለሁ። እሳቸው ግን ኮላ ገምሰው ግማሹን ሰጡኝና አጠገቤ ቆሙ።

«የእኔ ልጅ ሂንዱም እዚያው ማሩዋ ናት» አሉ። «የሄደች ጊዜ እናቷ እህል አልቀምስ አለች። ምን ልበላት? የአየር ማረፊያውን ዘበኛ ሄጄ ጠየቅኩት። ሃያ አምስት ደቂቃ አለኝ። ያንን ነግሬያት በላች።»

«ከዚያ በኋላ ሂንዱን አይተዋታል?»

ኮላቸውን አኘኩ፣ አኘኩ።

«ኧረ የአስታ አባት፣ መንገዱ እኮ ሩቅ ነው» አሉኝ።

ደግሞም ድንገት ወደዱኝ መሰለኝ፣ ትከሻዬን መታ አድርገው ወደ ዛፋቸው ተመለሱ። እኔም ወደድኳቸው፤ ምን ላድርግ።

ወደ ቤት ገባሁ። ዲጃ ሰሌኑ ላይ እንደተኮራመተች ናት፤ ምሳዋ አልተነካም።

«ተነሺ ቅመሺ» አልኳት። «ሃያ አምስት ደቂቃ እኮ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «በአየር?»

«በአየር።»

እጇን ታጠበች።