ሰማይ ላይ ያለው ጉድጓድ

የሰው ልጅ የሚጣላበት ነገር አልቆበት አያውቅም። ወላሂ አልቆበት አያውቅም! ስለ አጥር ይጣላል፣ ስለ ዛፍ ጥላ ይጣላል፣ ባጃጅ ውስጥ ማን ዳር ይቀመጥ ብሎ ይጣላል። እኛ ድሬዎች ግን ጠብ አንወድም፣ ሙቀቱም አያስችልም እያልን እንኩራራለን። እዚህ አገር ሰው ከየት መጣህ ተብሎ አይጠየቅም። የሚጠየቀው የማን ቤት ነህ ተብሎ ነው፤ እሱም ምሳ ሲተርፍ የት እንደሚላክ ለማወቅ ያህል ነው። ይሄን ከውጭ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ደረቴን ነፍቼ ስናገር ኖሬያለሁ። አሁን ግን ትንሽ ድምፄን ቀንሻለሁ። ለምን በሉኛ! እኛ ምድር ላይ አንፈልግህም ያልነውን ጠብ የኛ ልጆች ሰማይ ድረስ ሄደው አመጡታ።

ልጆች ስላችሁ ደግሞ ኳስ የሚራገጡ እንዳይመስሏችሁ። ሰላሳ ያለፋቸው ናቸው። አንዱ ሙክታር ነው፣ የወንድሜ ልጅ፣ እኔ ነኝ ያሳደግኩት፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ማሽን ይጠግናል። ይቺ አሁን እኔ ሳወራ የምትጽፍልኝ ሀያት እህቱ ናት። ሌላው ዳዊት ነው፤ የባቡር ቤተሰብ ልጅ፣ አያቱም አባቱም ሀዲድ ላይ ነው ያረጁት፣ እሱ ግን ፊዚክስ ያስተምራል። ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነው የተቀመጡት። ዳዊት ሲያገባ ሚዜው ሙክታር ነበር። ሙክታር ሲያገባ ደግሞ ሚዜው ዳዊት እንደሚሆን ማንም አልተወያየበትም፤ ፀሐይ ነገ ትወጣለች ወይ ብሎ የሚወያይ አለ እንዴ?

እና አንድ ቀን ሳሎን ስገባ ትልቁ ጠረጴዛዬ ላይ ጣት የሚያህሉ የፕላስቲክ ፍጥረቶች ተሰልፈው ቆመዋል። አንዱ አራት እጅ አለው። አንዱ ጭንቅላቱ የዓሣ ነው። አንዱ ደግሞ ትከሻው በር አይበቃውም።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩ።

«ጦር ነው፣ አዴ» አለኝ ሙክታር። እዚህ ሰፈር ትንሹም ትልቁም እንደ እናቱ አዴ ነው የሚለኝ።

«የማን ጦር?»

«የሰማይ።»

ለካ ፈረንጆች የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ጦሩን ታሰልፋለህ፣ ስንት እርምጃ እንደሄደ በማስመሪያ ትለካለህ፣ ማን እንደሞተ በዳይስ ትወስናለህ። አንድ ትራስ የሚያህል የታሪክ መጽሐፍም አለው። ዳዊት እየተረጎመ አነበበልኝ። ከዚህ ኮከብ እስከዚያ ኮከብ ሁሉም ከሁሉም ጋር ይዋጋል፣ አሥር ሺህ ዓመት ተዋግቷል፣ ገና አሥር ሺህ ይዋጋል፣ እርቅ የሚባል ነገር የለም። ያንን ባለ ትከሻ አነሳሁና «እናቱስ?» አልኩት። እናት የለውም፣ ተሠርቶ ነው አለኝ። «ምሳውን ማን ይሠራለታል?» አይበላም አለኝ። «ታዲያ የማይበላ ሰው ምን ጎድሎበት ነው የሚዋጋው?»

ሁለቱም መጽሐፉን ገልበጥ ገልበጥ አደረጉ። ተያዩ። ያቺን ጥያቄ በውሃ በዋጥኳት ኖሮ!

ምክንያቱም በሳምንቱ መጽሐፉን ወደ ቁም ሳጥን ወረወሩትና «አዴ ልክ ነሽ፣ ታሪኩ ባዶ ነው፣ እኛ እንደ አዲስ እንጽፈዋለን» ብለው ተነሱ። ፍጥረቶቹን አዲስ ስም አወጡላቸው፣ አዲስ ቀለም ቀቧቸው። ሀያት፣ ያንቺን የጥፍር ቀለም ማን እንደጨረሰው አሁን ገባሽ? የሙክታሮቹ ዘልማኖች ተባሉ። ስድስት እግር አላቸው፣ አሸዋ ላይ ይኖራሉ፣ አፍ ስለሌላቸው ውሃ የሚጠጡት በእግራቸው ነው። ሰላምታቸው ጉልበት ለጉልበት መነካካት ነው፤ እያንዳንዱ ስድስት ጉልበት ስላለው ሁለት ዘልማኖች ሰላም ተባብለው እስኪጨርሱ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ያው እንደኛ። የዳዊቶቹ ቂርካኖች ግማሽ አካላቸው ብረት ነው፣ ረጅም ቱቦ ውስጥ ይኖራሉ፣ በፊሽካ ይነሳሉ፣ በፊሽካ ይተኛሉ፣ ዝምታ ያስፈራቸዋል። እኔም አልቀረሁም። ገበያ ሰጠኋቸው። በየሰባት ቀኑ ትልቅ ገበያ ይቆማል፣ የዚያን ቀን ጦርነት የለም አልኩ። ቅዳሜ ቀፊራ ገበያ መሀል ማነው ጦር የሚያሰልፈው? ጋሪው ይሄድበታል።

ሁለት ወር እንዲህ በፍቅር አለፈ። ከዚያ የኔ ጥያቄ ተመልሳ መጣች፤ የሚዋጉት ለምንድን ነው? አሰቡ አሰቡና ኮከባቸው ላይ አንድ ጉድጓድ ቆፈሩ። ኮከቡ ሻምራ ይባላል፣ ያለው ጉድጓድ አንድ ብቻ ነው፣ ውሃው ለሁለቱም ነፍስ ነው። ዳዊት አስተማሪ ስለሆነ ታሪኩን እኔ ልጻፈው አለና ደብተር ሞልቶ አመጣ። ሙክታር እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አነበበ። ስድስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ሰሀኑ ላይ አስቀመጠ። ምን ይላል? በመጀመሪያ ሻምራ የቂርካኖች ነበረች፣ ዘልማኖች በኋላ በሚንከራተት ድንጋይ ተሳፍረው የመጡ መጤ ናቸው ይላል።

«መጤ ነው ያልከኝ?» አለ ሙክታር።

«አንተን ማን አለህ? ዘልማኖችን ነው።»

«ዘልማኖች የማን ናቸው?»

«አቦ ተወኝ፣ ታሪኩ ነው እንደዛ የሚለው።»

«ታሪኩን ማን ጻፈው? አንተ! ትናንት! በኔ እስክሪብቶ!»

ስቄ ልሞት ነበር፣ ግን ፊታቸውን ሳይ ሳቄ ጠፋ። ትናንት በተዋሱት እስክሪብቶ የሺህ ዓመት ርስት የሚጽፉ እኮ ምድር ላይም ሞልተዋል፣ ልዩነቱ እነሱ ጣት አያህሉም። ደግሞ የት ቁጭ ብለን ነው መጤ የምንባባለው? ድሬ ላይ! ይህቺ ከተማ ራሷ በባቡር የመጣች ናት። በባቡር ያልመጣው በግመል መጥቷል፣ በግመል ያልመጣው በእግሩ። ማን ቀድሞ ላቡን እንደጠረገ ለማወቅ ካልተፈለገ በስተቀር ምን ያጣላል?

ሙክታር በማግስቱ የራሱን ታሪክ ጽፎ መጣ። ቂርካኖች አያት ቅድመ አያት የላቸውም፣ ሌላ ሕዝብ ሲሰለቸው ትቶት የሄደው ዕቃ ናቸው ይላል። ይሄ ደግሞ አባቱም አያቱም ባቡር ላይ ላረጁበት ልጅ የሚነገር ነው? ባቡሩ ቆሞ ሀዲዱ ዝጎ ያየ ልጅ እኮ ነው ዳዊት። ቂርካኖቹን አንድ በአንድ አንስቶ በእንቁላል ካርቶን ደረደረና በሩ ላይ ሲደርስ «ሌላ ሚዜ ፈልግ» ብሎ ወጣ። የሙክታር ሠርግ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ሱፎቹ ልብስ ሰፊው ጋ ናቸው።

ዘጠኝ ቀን ሙሉ አልተነጋገሩም። ሙክታር ያለ ሚዜ አገባለሁ ይላል፣ ግን ስልኩ ባቃጨለ ቁጥር ከወንበሩ ይነሳል። ዳዊት የኛን መንገድ ትቶ በዳቻቱ ወንዝ በኩል ዞሮ ይሄዳል አሉኝ፤ ዱሮ ሳይጠራ ምሳ ላይ ከተፍ የሚል ልጅ! ሠርግ ያለ ሚዜ ያልፋል፣ እሺ። ሃያ አምስት ዓመት አብሮ ያደገ ሰው ግን በዳይስ አይተካም። ሽማግሌ ያስፈልጋል አልኩ።

እና አሁን ጥፋቴን ልናገር። ሽማግሌ ስጠራ አፈርኩ። በአሻንጉሊት ተጣሉ ብዬ ማንን ከቤቱ ላስነሳ? ስለዚህ «የጉድጓድ ክርክር ነው» አልኩ። ውሸት አይደለም እኮ! የሟቹ ባለቤቴ ዘመድ ኦቦ ጅብሪል ከጀልዴሳ መጡ። በዚያ አገር ውሃ ያጣላው ሁሉ እሳቸው ፊት ነው የሚቀርበው፤ ነጭ ሽርጣቸውን አሳጥረው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ለከባድ ነገር ተዘጋጅተው ነው የመጡት። ከዳዊት በኩል አጎቱ ጋሽ ተፈራ እሱን ይዘው መጡ፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ሰው፣ ከሙቀቱ ጋር ተጣልተው ኮት የማያወልቁ። ሁለቱ የቆየ ወዳጆች ናቸው። ኦቦ ጅብሪል ከተማ በወጡ ቁጥር ዶሚኖ የሚጫወቱት ከሳቸው ጋር ነው።

ተቀመጡ። ቬንትሌተሩ ይዞራል። ኦቦ ጅብሪል ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ።

«ጉድጓዱ የት ነው ያለው?»

«ሻምራ» አለ ሙክታር አንገቱን ደፍቶ።

«ሻምራ… በኤረር በኩል ነው?»

«ኧ… ትንሽ ራቅ ይላል።»

«ስንት ቀን ያስኬዳል?»

ዳዊት መዋሸት አይችልም፣ አስተማሪ ነው። «በብርሃን ፍጥነት አራት መቶ ዓመት» አለ።

ኦቦ ጅብሪል ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ቬንትሌተሩን ማየት ጀመርኩ። ከዚያ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉና «ለከብት ይርቃል» አሉ።

ተነስተው ሊሄዱ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አልሄዱም። «ቢሆንም ውሃ ውሃ ነው» አሉ። «ማን ቆፈረው?»

በቃ! ልጆቹ ያንን ሁሉ ደብተር ዘረገፉት። ኦቦ ጅብሪል ስለ ስድስቱ እግር ጠየቁ፣ ስለ አሸዋው ጠየቁ፣ በእግር መጠጣቱን ሲሰሙ «ባልዲ አያስፈልጋቸውም ማለት ነው» ብለው አደነቁ። ከዚያ ፈረዱ። አሸዋ ላይ የሚኖር ነው ውሃ የሚያሸተው፣ ስለዚህ የጉድጓዱ አባት፣ ማለትም ባለቤቱ፣ ዘልማን ነው፤ ቂርካንም ጠምቶት ከመጣ አይመለስም፣ ተራውን ጠብቆ ይጠጣል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ውስጤ ደስ አለው። ዘልማኖቹ የኛ ቤት ናቸዋ! ወዲያው ደግሞ በራሴ አፈርኩ፤ ባለ ስድስት እግር ጉድ ዘመዴ ሆኖ አረፈው?

ጋሽ ተፈራ ግን ኮታቸውን አወለቁ። ኮታቸውን! «ቆይ እንጂ ጅብሪል» አሉ። «ተራ ጠብቆ? ማን ነው ተራ ጠባቂው? ያ ውሃ ያለ ቱቦ፣ ያለ ፓምፕ እንዴት ይወጣል? ቂርካኖች መስመር ባይዘረጉ ጉድጓድህ ባዶ ቀዳዳ ነው!»

«ቱቦው ሳይመጣ ሰው ውሃ አይጠጣም ነበር?»

«ይጠጣ ነበር፣ ጭቃ!»

«የኛ ዘልማኖች ጭቃ ጠጥተው አያውቁም!»

ሰማችሁ? የኛ ዘልማኖች! ሰውዬው ከተዋወቋቸው ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ጋሽ ተፈራም «የኛ ሰዎች በፊሽካ መነሳታቸው ሥርዓት ነው፣ እንዳንተዎቹ ግማሽ ቀን ጉልበት አይነካኩም» አሉ። ኦቦ ጅብሪል ዱላቸውን ወለሉ ላይ መቱ። ዳዊት ደንግጦ «ጋሽዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው» ቢላቸው «የሰው ውሃ ጨዋታ ነው እንዴ?» ብለው ጮኹበት። ሙክታርና ዳዊት ተያዩ። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ። መጀመሪያ ሙክታር ከንፈሩን ነከሰ፣ ከዚያ ዳዊት ፊቱን በደብተሩ ሸፈነ፣ ከዚያ ሁለቱም ተያይዘው ወደ ግቢ ወጡና ግድግዳ ተደግፈው እንባ እስኪወጣቸው ሳቁ። ሲመለሱ አንድ ሰሀን ፈጢራ አብረው ይዘው ነበር። ማን ይቅርታ እንደጠየቀ እስከዛሬ አላውቅም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ልጆቹ ታረቁ። ሽማግሌዎቹ ተጣሉ። ጋሽ ተፈራ ፈጢራውን ሳይቀምሱ ወጡ። ኦቦ ጅብሪል ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ከተማ ወጥተው ዶሚኖ ሳይነኩ ተመለሱ።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ሙሽራው አምሯል፣ ሚዜው አምሯል፣ መኪኖቹ ደጅ ቆመዋል፣ ሙሽሪት ተኳኩላ ትጠብቃለች። ከፊት ባለችው መኪና ሽማግሌዎች ናቸው የሚሄዱት። ኦቦ ጅብሪል ግን ጋሽ ተፈራ ያሉበት መኪና አልገባም አሉ። ጋሽ ተፈራም ማን ግባ አለው አሉ። ጥሩምባው ይነፋል፣ ፀሐይዋ ትነዳለች፣ ከሙሽሪት ቤት ስልክ ይደወላል። አንድ መኪና እንዳንጨምር የለም፣ ያለ ሽማግሌ እንዳንሄድ ነውር ነው። የሙክታር ግንባር ላብ በላብ ሆነ።

ይሄኔ ዳዊት ከሱፉ የውስጥ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ለካ ሁለቱ አዲስ ታሪክ ጽፈው ኖሯል። ደጃፉ ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበው። በሻምራ ጉድጓድ አፍ ላይ ሁለት ጥንታዊ ፍጡራን ተቀምጠዋል፣ አንዱ ዱላ አለው፣ አንዱ ኮት። ከየትኛውም ኮከብ የሚመጣ ጦር ውሃውን ለመውሰድ መጀመሪያ የነሱን ክርክር ሰምቶ መጨረስ አለበት። ክርክሩ አልቆ ስለማያውቅ እስከዛሬ አንድ ጦር አላለፈም። ሻምራ ላይ ሰላም የሆነው በነሱ ነው።

ኦቦ ጅብሪል ዱላቸውን ተደግፈው ሳቁ። ጋሽ ተፈራ በመሐረብ ዓይናቸውን ጠረጉ። እጅ ለእጅ ተመታቱ። አልሃምዱሊላህ ብዬ የመኪናውን በር ከፈትኩ።

«ቆይ» አሉ ኦቦ ጅብሪል አንድ እግራቸውን አስገብተው። «ከሁለቱ ማን ቀድሞ መጣ ይላል?»

ሙሽራው ሚዜውን አየ። ሚዜው ወረቀቱን አየ። «አብረው ነው የመጡት ይላል» አለ ሙክታር።

ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንድ አፍ፣ እንደተለማመዱት ሁሉ፣ «ይሄማ አይሆንም!» አሉ፤ ክርክሩ እንዳያመልጣቸውም እየተጋፉ እዚያው መኪና ውስጥ ገቡና በሩን ከውስጥ ዘጉት።